ያለ ፊሽካ የተንቀጠቀጠው እሁድ

በፉሪው የድንጋይ ካባ የእኔ ሥራ ፊሽካ መንፋት ነው። ድማሚት ከመፈንዳቱ በፊት ቀይ ጨርቅ ይዤ በመንደሩ እዞራለሁ፤ ሦስት ጊዜ እነፋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ልጁን እያቀፈ ሜዳ ይወጣ ነበር። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን ቀና ብሎ የሚያየኝም የለ። ብርጭቆ ይንጫጫል፣ ከጣሪያው አቧራ ይወርዳል፣ ሰውም ሥራውን ይቀጥላል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። እንደ ድማሚት አንዴ ጮኾ አላበቃም፤ ከሥር እየተንከባለለ መጣና ቆየ። አባቴ በሕይወት ሳለ የካበው፣ በእናቴ አልጋ ራስጌ ያለው የድንጋይ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ጣቴን ብሰድድ ገባ።

«እማዬ፣ አልጋውን ወደ በሩ እናምጣው» አልኳት።

«ለዚች ድማሚት?»

«ድማሚት አይደለም። ዛሬ እሁድ ነው፤ ፊሽካም አልነፋሁም።»

ጎረቤታችን ጋሼ ደገፋ በራችን ላይ ቆመው ሳቁ። «ዘንድሮ እሁድ የሚባል ቀን አለ እንዴ፣ ሮበሌ? የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ እሁድ፣ ዘመቻው እሁድ። ይሄም ለዕቅድ ማሟያ ነዋ። ላንተ መንገር ረስተው ይሆናል።»

የድማሚቱ መጋዘን ቅዳሜ ሲታሸግ እዚያው ነበርኩ። «የመሬት መንቀጥቀጥ ነው» ብቻ አልኩ።

እናቴ ተመልሳ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። «እሱ ከሆነማ የእግዚአብሔር ነው። እሱ ካዘዘ በሩ ጋ ብተኛ ይተወኛል?»

ለመንኳት። ትራሷን አስተካከለች። እንደገና ለመንኳት። ሳምንቱን ሙሉ ለማይሰማ ሰው ስነፋ የከረምኩበት ድካም ያን ጊዜ ተሰማኝ።

«ጋሼ ደገፋ እንዳሉት ነው» አልኩ በመጨረሻ። «ድማሚት ነው። ከነገ ጀምሮ ደግሞ እጥፍ ሊያደርጉት ነው።»

እናቴ ብድግ አለች። «ታዲያ ምን ይገትርሃል? በዚያ በኩል ያዝ እንጂ። ሰው እኮ ይሳሳታል።»

አልጋውን በሩ ጋ አደረስነው።

ሰኞ እንደ ወትሮው ነፋሁ፤ እንደ ወትሮውም ፈነዳ። ቤት ስገባ ጋሼ ደገፋ «እጥፉ ይቺ ናት?» ብለው ጠበቁኝ። እናቴ አልጋውን ወደ ቦታው ልትመልስ እግሩን ይዛ ነበር።

«አለቀ አይደል?» አለችኝ።

ስንጥቁን አየሁት። «አላለቀም፤ ዕቅዱ እስኪሞላ ነው።»

የአልጋውን እግር ለቀቀች። «መቼ ነው የሚሞላው?»

«አልነገሩንም» አልኳት።