ያልማለችው አንባቢ

አለቃችን የሺዋስ ያነበበውን ሁሉ ካልሞከረ እንቅልፍ አይወስደውም። ደብረ ማርቆስ ያለችው የእኛ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ከሆነ ወዲህ እኛን ከዓለም ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት ጋር የሚያወዳድር ጥናት ይዞ ከረመ። አንዱ ጋ ድሮ መጽሐፍ በሰንሰለት ይታሰር ነበር፤ ሌላው ጋ አንባቢ ያዘዘው መጽሐፍ ከምድር ቤት ወጥቶ ጠረጴዛው ድረስ ይመጣለታል። እኛ ጋ ጣሪያው ያፈሳል፤ ለፈተና የሚፈለገው መጽሐፍም አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ከበር አይወጣም። የሺዋስ ግን ከእነሱ የምንወስደው ነገር አገኘሁ ብሎ መጣ። እዚያ አንባቢ ሲመዘገብ ቤቱ ውስጥ እሳት ላያስገባ፣ ላያነድ ይምላል። ይህ ምንም ወጪ የለውም አለን።

ወጪ የለውም ያለው ጎጃም መሆኑን ረስቶ ነው። እዚህ መሐላ ቀልድ አይደለም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ራሱ ቀድሞ ማለ፤ ከዚያ እኛን ሠራተኞቹን፣ ጥበቃውን፣ ተማሪውን ሁሉ አስማለ። ዘመናይ ብቻ እምቢ አለች። የሉማሜ ከተማ ልጅ ናት፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፤ አባቷ ለእውነትም ቢሆን እንዳትምል አደራ ብለዋታል። የሺዋስም ያልማለ አይገባም ብሎ ከበር መለሳት።

ፈተናዋ በማግስቱ ነበር። ጓደኛዋ መሲ ከውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ መጽሐፉን ጮክ ብላ ታነብላታለች፤ ዘመናይ ውጭ ቆማ ትሰማለች። አንጀቴን በላችው።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ የሁሉም ስልክ ባትሪ ጨርሷል። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የሰኔ ደመና ወርዶ ቤቱ ሲጨልም መሲ ማንበቧን አቆመች። ሁላችንም ጓዳ ወዳለው ጄኔሬተር ዞርን። የሺዋስ ሊያስነሳው ጎንበስ ካለ በኋላ እጁን ሰበሰበ። ነዳጅ ጠጥቶ ጭስ የሚተፋ ነገር እሳት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው፣ አሉ ጥበቃችን አቶ ደምለው። እኛ ደግሞ ሁላችንም ምለናል። ዶፍ እየወረደ ነው፤ በአቅራቢያ ያልማለ ሰው ያለው መስኮቱ ሥር ብቻ ነው።

የሺዋስ ጃንጥላ ይዞ ወጣ፤ እኔም ለወሬው ተከተልኩት።

«ዘመናይ፣ ጄኔሬተር ማስነሳት ትችያለሽ?»

«የአባቴ ወፍጮ በሞተር ነው፤ እችላለሁ። ግን ከገባሁ አልወጣም፣ ጋሽ የሺዋስ። አልምልም።»

ጃንጥላውን ወደ እሷ ዘንበል አደረገ።

«ግቢ» አላት።

በአንድ ጉተታ አስነሳችውና መሲ አጠገብ ተቀመጠች። መሲም ለምዶባት ጮክ ብላ ማንበቧን ቀጠለች፤ ዝም በይ ያላት የለም።

የማልነውን መሐላ የሚፈታልን ስላልተገኘ መብራት በጠፋ ቁጥር ዘመናይን መጥራት ሆነ ሥራችን። የሺዋስም ጥናቱን ሲጨርስ፣ እነዚያ ታላላቆቹ ከእኛ ሊማሩት የሚገባ ብሎ አንድ ነገር ጻፈ፤ በየቤተ መጻሕፍቱ ቢያንስ አንድ ያልማለ አንባቢ ይኑር።