የታጠፉ ዘንጎች

መካኒኳ ከሞተሩ የፈታቻቸውን ዘንጎች አንድ በአንድ መስታወት ላይ ታንከባልላለች። መስታወቱ ከተገለበጠ አውቶቡስ የተረፈ የጎን መስኮት ነው፤ የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ አጋድማ ለዚህ ብቻ ትጠቀምበታለች። ደህናው ዘንግ ድምፅ ሳያሰማ እንደ እርሳስ ይንከባለልና ጫፍ ሲደርስ መዳፏ ላይ ይወድቃል። የታጠፈው ግን ያነክሳል፤ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ፣ እየዘለለ ይሄዳል። ዓይን የማያየውን ጉብጠት መስታወቱ ያሳብቃል።

ሁለቱ አነከሱ። ሌላው ጭራሽ መንገድ ላይ ቆመ። አንስታ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። ልክ የታጠፈበት ቦታ ላይ የመዶሻ ጠባሳ አለ። ጠባሳው የራሷ ነው። ባለፈው ይኸው ዘንግ ታጥፎ ሲመጣላት ቀጥቅጣ፣ አቅንታ፣ መልሳ አስገብታው ነበር።

"መታጠፊያውን አይረሳም" አለች ለራሷ፣ ወደ ውዳቂው በርሜል እየወረወረችው።

ሾፌሮቹ ሞርሳ ይሏታል፤ ብረት ነክሶ እንደሚይዘው መሣሪያ የያዘችውን ስለማትለቅ ነው። ሞርሳ የጨበጠችው እጅ ለሳምንት መሪ አይዝም እያሉ ይቀልዱባታል።

ዘንጎቹ የወጡበት መኪና የወንድሟ ነው። ትናንት ተጎትቶ ሲገባ ምን እንዳገኘው ሳይነግራት አውቃለች። ረጅሙን ቁልቁለት ሲወርድ ተናዶ ማርሹን በኃይል ወደ ታች መትቶታል፤ ሞተሩም ከአቅሙ በላይ ጮኋል። በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ከታች የሚሽከረከረው ካም ረጃጅሞቹን ዘንጎች ሽቅብ ይገፋል፤ ዘንጎቹ ከላይ ያሉትን ሮከሮች ያነሳሉ፤ ሮከሮቹም ቫልቮቹን ተጭነው ይከፍታሉ። መዝጋት ግን እየተጨመቀ ተመልሶ የሚዘረጋው የሞላ ፋንታ ነው። ሞተሩ ሲያብድ ሞላው አይደርስበትም። ቫልቩ ገና ሳይዘጋ ፒስተኑ ከሥር እየጋለበ ይመጣና በአናቱ ይለጋዋል። ብረትና ብረት ሲላተሙ ከመሀላቸው ቀጭኑ ይታጠፋል።

በዚህኛው ጊዜ ሞርሳ ጠግና ብቻ ልትመልሰው አላሰበችም። ለየቫልቩ አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገባ ድርብ ሞላ ገጥማለች። እንዲቀልሉ የሮከሮቹን ትርፍ ብረት ሞርዳላቸዋለች። የዘይት ቀዳዳቸውንም አስፍታለች። ደህናዎቹን ዘንጎች፣ በታጠፉትም ፋንታ አዲሶቹን አስገባች፤ አሁን በሮከሩና በቫልቩ መካከል ያለውን ክፍተት መለካት ብቻ ቀርቷታል።

ከጀርባዋ፣ በጆንያ መጋረጃ ከተከለለው የዕቃ ክፍል፣ "እትዬ፣ መጣ እንዴ?" የሚል ድምፅ ተሰማ።

"አልመጣም። ተቀመጪ።"

መጋረጃውን ገልጣ ገባች። የወንድሟ ሚስት የተከመረ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። በጨርቅ የተጠቀለለ ፒስተን ለቅዝቃዜው ብላ አገጯ ላይ ደግፋለች። አገጯ አብጦ ወደ ጎን ሄዷል፤ ጥርሷን ሳትከፍት ነው የምታወራው።

"አውቶቡሱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው። እናቴ ዘንድ እስክሄድ ብቻ ደብቂኝ።"

ሞርሳ መጋረጃውን እንደያዘች ወደ በሩ ዞራ አየች።

"ወይስ ዛሬም 'ንዴቱ የገለባ እሳት ነው፣ ታገሺው' ልትዪኝ ነው?"

በመጀመሪያው ጊዜ ጆሮዋ ደምቶ መጥታ ነበር፤ ቀጥሎ ጎኗን ይዛ መጣች። ሁለቱንም ጊዜ ሞርሳ እጇን ይዛ፣ አስታርቃ፣ ቤቷ መልሳታለች። ወንድሟ ነዋ! እናታቸው ስትሞት ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር፤ በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው።

"አልልሽም።"

"ማን ይሙት?"

"እሱ ይሙት!"

ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው የሰማችው። ዕድሜ ልኳን ስትምል የምትጠራው ወንድሟን ነበር።

የብረት በሩ ተንኳኳ፤ ወንድሟ ሳይከፍቱለት ገባ።

"እታለም! በሽተኛው እንዴት አደረ? 'እግዜር ይማርህ' ልበለው ወይስ 'ነፍስ ይማር'?"

ሞርሳ መጋረጃውን ለቃ ወጣች። "ገዳዩ ራሱ ጠያቂ ሆኖ መጣ!"

"እኔ ምን ላድርግ? ቁልቁለቱ ነው።"

"ቁልቁለት ማርሽ አይመታም።"

ሳቀ። ሳቁ ከልጅነቱ ጀምሮ ያምርበታል፤ አንድ ጉንጩ ላይ ብቻ ይሰረጉዳል። ከጠረጴዛው ላይ የተረፈ አዲስ ዘንግ አንስቶ በጣቶቹ መካከል አሽከረከረው።

"ይኼማ መፋቂያ ነው። የማይታጠፍ ወፍራም ነገር ግጠሚልኛ።"

"እሱ ካልታጠፈ ቫልቩ ይቆረጣል። ቫልቩ ከተቆረጠ ፒስተኑን በስቶ ይወርዳል። ማርሹን መምታትህን ካልተውክ የምታደርሰው ጉዳት ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ አይቀርም።"

"መኪና ነው ያመጣሁልሽ፣ ስብከት አላዘዝኩም።" ዘንጉን አስቀምጦ ዙሪያውን ቃኘ። "ያቺ ሴትዮ ወደዚህ አልመጣችም?"

"ሴትዮ? ሚስት ነች ያለችህ።"

"እሷኑ ነዋ።"

"ምን አድርገሃት ነው የምትፈልጋት?"

"ምንም። ነካ አደረግኋት። እሷ ደግሞ ነካ ሲያደርጓት መውደቅ ትወዳለች።"

ዓይኑ ወደ ጆንያው ሲሄድ አየችው። "ና፣ ሞተሩን አዙርልኝ" አለችው ቶሎ ብላ። "ብቻዬን ወርጄ መውጣት ሰለቸኝ።"

ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ይሻላል። አንዱ ከፊት ቆሞ ረጅሙን የብረት እጀታ የሞተሩ ዳዶ፣ የፊተኛው የብሎን ራስ፣ ላይ ሰክቶ በክንዱ ያዞራል። ሌላው ከላይ ተደፍቶ፣ ጣቶቹን ሮከሮቹ መሀል ሰዶ በስሱ የብረት ምላስ ክፍተቱን ይለካል። ጣቱን የሚሰድ ሰው ለሚያዞረው ሰው ራሱን ይሰጣል። ሞርሳ ስትለካ ከወንድሟ በቀር ማንም አዙሮላት አያውቅም።

ራዲያተሩ ስለወረደ እሱ ከፊት ተመቻችቶ ቆመ። እሷ መከላከያው ላይ ወጥታ፣ መፍቻዋንና መዶሻዋን ከጎኗ አስቀምጣ ተደፋች።

"ትንሽ... ትንሽ... በቃ።" ለካች፣ አጠበቀች። "ቀጥል። በቃ።"

"ሞላው ከበደ እኮ! በፊት በአንድ እጄ ነበር የማዞረው።"

"እንዲከብድ ነው የሠራሁት። ቀጥል... በቃ።"

ሁለት ቫልቭ ሲቀራት አንዱ ሮከር ሥር የሞረደችበት ቦታ ሻከራት። ስለት እንዳይኖረው ልትዳስሰው ቀኝ አመልካች ጣቷን ከሥሩ ሰደደች።

ያን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ከባድ ነገር ወድቆ ወለሉን መታ፤ ተንከባለለም።

"ምንድን ነው እሱ?"

"አይጥ ነው።"

"ብረት የሚጥል አይጥ?"

እጀታውን አልለቀቀም። መጋረጃውን አየ፤ ከሥሩ የሴት ጫማ ጫፍ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሞተሩ መለሰና የእህቱን እጅ ተመለከተ፤ ጣቷ የት እንደገባ አየ። አይቶ ነው ያዞረው።

ሮከሩ ወረደና ጣቷን ከሞላው አናት ጋር አጣበቀው። ጥፍሯ ሲሰነጠቅ በጆሮዋ ሰማችው። ሕመሙ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን ክንዷን ጠርምሶ ጥርሷ ውስጥ ገባ።

"መልሰው!"

"ጥሪያት።"

"መልሰው ብዬሃለሁ!"

"ጥሪያትና እመልሰዋለሁ።" ድምፁን አልጨመረም። "ክፉ ሰው አታድርጊኝ፣ እታለም። የባልና ሚስት ጉዳይ ውስጥ ምን አገባሽ? ከዚህ በፊት አንቺው አይደለሽ ይዘሽ የምትመልሺልኝ?"

እጀታው ላይ ትንሽ ተጫነ። አጥንቷ ጠሽ አለ። ደሙ ዘይቱን ቀይጦ በሞላው ጥምዝ ሽብልል እያለ ወረደ። ዓይኗ ጭጋግ ሞላው፤ በጭጋጉ ውስጥ የወንድሟ ፊት ይታያታል። አልተቆጣም። ገበያ ላይ ዋጋ እንደሚጠብቅ ሰው ተረጋግቶ ይጠብቃታል። ሚስቱ በየማታው የምታየው ይኼን ፊት እንደሆነ ሞርሳ ገባት።

መጋረጃው ተገለጠ። "ተዋት! እሄዳለሁ፣ ተዋት!"

"ተመለሺ!" ጮኸች ሞርሳ። "አንዲት እርምጃ እንዳትጨምሪ!"

"አየሽ?" አለ እሱ። "በጥሩ ሲነግሯት ትሰማለች።"

ሞተሩን የያዘው የእሱ ክንድ ብቻ ነው። ከጣቷ ሥር ድርብ ሞላው ለመመለስ እየታገለ ሲገፋ ይሰማታል። ክንዱ ከለቀቀ ሞላው ራሱ ይፈታታል። ግራ እጇ መከላከያው ላይ ያስቀመጠችውን መዶሻ አገኘው።

በግራዋ መትታ አታውቅም። መዶሻው ከክርኑ በታች አረፈ፤ ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር። እጀታው ከእጁ አመለጠ፤ ሞላው ሞተሩን ወደ ኋላ ሲያስፈነጥረው እጀታው ተወርውሮ ደረቱን ለጋው። ጣቷ ተፈታ። እሱ በጀርባው ወደቀ።

ግን ተነሳ። በደህናው እጁ እጀታውን ከመሬት አንስቶ ወደ ሚስቱ ሄደ። ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። ሞርሳ ከመከላከያው ዘላ ወርዳ ከኋላው ትከሻውን መታችው። ተንበረከከ። እጀታው ጠረጴዛው ላይ ወድቆ መስታወቱን አረገፈው። መዶሻውን ለሦስተኛ ጊዜ አነሳች፤ አሁን ከሥሯ ያለው ጭንቅላቱ ነው።

ቀና ብሎ አያት።

"በሞተር ችንጋ ስትገርፊኝ እንዲሁ ነበር የምትቆሚው" አለ።

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። እውነቱን ነው። ወተት ሲደፋ፣ ከትምህርት ቤት ሲቀር፣ እሷ ራሷ ደክሟት በመጣች ቀን ሁሉ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ችንጋ፣ የሞተሩን የጎማ ቀበቶ፣ አውርዳ እንዲህ እግሯን ከፍታ ትቆምበት ነበር።

"የገረፍኩህ እኔ ነኝ" አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "የምትመታው እሷን ነው። ምን በወጣት?"

የተሰበረ ክንዱን አቅፎ ጎንበስ አለ። እሷም መዶሻውን አወረደች።

የጎረቤቱ ጎሚስታ የጎማ መፍቻውን እንደያዘ ሮጦ ገባ። "ምን ጉድ ነው? ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ደም?"

"ሐኪም ቤት ውሰደው። ክንዱ ተሰብሯል።"

"ማን ነው የሰበረው?"

"እኔ።"

ጎሚስታው አንዴ መዶሻውን አንዴ የሴትዮዋን አገጭ አየ። ብብቱ ሥር ገብቶ አነሳው። በሩ ጋ ሲደርሱ ወንድሟ ዞረ።

"እታለም፣ አብረሽኝ ነይ።"

በኩፍኝ ሲታመም፣ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ሲወልቅ፣ በዚሁ ድምፅ ነበር የሚለምናት። አንድም ጊዜ ቀርታበት አታውቅም።

"አልመጣም" አለች። "ማን መታህ ካሉህ እህቴ በል። ለምን ካሉህም ንገራቸው። አንተ ካልነገርካቸው መጥቼ እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ከወጡ በኋላ ጋራዡ ውስጥ የሚሰማው የጎሚስታው የአየር መሙያ ማሽን ብቻ ነበር። የወንድሟ ሚስት ከሻሿ ጫፍ ቀድዳ ጣቷን ጠቀለለችላት። ሞርሳ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ደረበችበት፤ ከንፈሯን ነክሳ አጠበቀችው።

"እትዬ፣ አንቺም ሐኪም ዘንድ ሂጂ እንጂ!"

"አንቺን አውቶቡሱ ላይ ካሳፈርኩ በኋላ።" ወደ ሞተሩ ዞረች። "አሁን ሁለት ቫልቭ ቀርቶኛል።"

"በዚህ እጅሽ? ደግሞ ማን ሊነዳው?"

"ያሻው ይንዳው። ክፍት ሞተር ጥዬ ወጥቼ አላውቅም።"

ብቻዋን ልትሠራው ትችላለች። አዙራ መውጣት፣ ለክታ መውረድ፣ እንደገና አዙራ መውጣት ነው። ግን እጀታውን ለማንሳት ጎንበስ ስትል ራሷን አዞራትና ጎማው ላይ ተደገፈች። ሴትዮዋ ቀድማ አነሳችው። በሁለት እጇ ይዛዋለች።

"እኔ ላዙር?"

ሞርሳ እጆቿን አየች። እጀታውን አየች። ከዚያ ዳዶው የት እንዳለ በአገጯ አሳየቻትና መከላከያው ላይ ወጣች። ግራ እጇን ወደ ሞተሩ ሰደደች። ሮከሩ ሥር፣ የራሷ ደም ገና ያልደረቀበት ቦታ ላይ፣ ጣቷን አስገብታ የሻከረውን ዳሰሰች። ስለት የለውም፤ ደህና ተሞርዷል።

"ጣትሽ እዚያ ውስጥ ነው እኮ!" አለች ሴትዮዋ።

"አውቃለሁ። እያወጣሁት ነው። አሁን ትንሽ አዙሪ። ቀስ ብለሽ። በቃ ስልሽ ቁሚ።"

እጀታው ተንቀሳቀሰ። ሮከሩ ወረደ፣ ተነሳም።

"በቃ።"

ቃሉ ሳያልቅ ቆመች።

የብረት ምላሱ በሮከሩና በቫልቩ መካከል ትንሽ ያዝ ለቀቅ እያደረገ አለፈ፤ እንደሚገባው። የሮከሩን ዳዶ አጠበቀች። "አሁን የመጨረሻዋ። ቀጥዪ... ትንሽ... በቃ።" እንደገና ቆመች። እንደገና አለፈ።

ሞርሳ ደሙን ከሞላው ላይ ናፍታ በነካ ጨርቅ አበሰች። ክዳኑን ገጥማ ብሎኖቹን በየተራ አሰረች። ከዚያ የብረት ምላሱን ጠርጋ ወደ ማቀፊያው አጠፈችውና መሳቢያ ውስጥ አስገብታ ዘጋችው።