ግድግዳው ከወደቀ በኋላ

ግድግዳው የወደቀው በመስከረም ሁለተኛው እሑድ፣ ወንጌላዊ እዩኤል ስብከቱን ሳይጨርስ ነው። መጀመሪያ ምርጊቱ ተሰነጠቀ፤ ቀጥሎ በምሥራቅ በኩል ያለው ቀርከሃ ወደ ውጭ ዘመም አለና ዱብ አለ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። የጎረቤቱ የዓብዱልባሲጥ የማሽላ ማሳ ብቻ በቀዳዳው ወለል ብሎ ታየ።

አረጋሽ ከመዘምራኑ ወንበር ተነሥታ ፍርስራሹን በእግሯ ገፋ አደረገችው። ቀርከሃው ልጣጩ ቀርቶ ሆዱ ባዶ ነበር። ምስጥ ጨርሶታል።

አረጋሽ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው ወደ አሶሳ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዷ ናት። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበረች። ይችን ቤተ ክርስቲያን ሟች ባሏ እንዳለና ጓደኛው ቀናው ደርግ በወደቀ ማግሥት በእጃቸው ነው የሠሯት። አረጋሽ ደግሞ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መዘምራኑን ስትመራ ኖራለች። ድሮ ቤቱ ሞልቶ ሰው በመስኮት በኩል ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ኋላ ልጆቹ ከፊሉ አሶሳ፣ ከፊሉ አዲስ አበባ፣ ከፊሉም ወርቅ ቁፋሮ ሄደው ቀሩ። ግድግዳው በወደቀበት እሑድ የምዕመናኑ ቁጥር በመዝገብ የሰፈረው አሥራ አራት ተብሎ ነው። በዕለቱ በቤቱ ውስጥ የነበረው ግን ሃያ ሦስት ሰው ነው። ዘጠኙ ከጾሬ የስደተኞች ካምፕ በእግራቸው እየመጡ ከበሩ አጠገብ የሚቀመጡ ሱዳናውያን ስለነበሩ ማንም አልቆጠራቸውም።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ከማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። አንዱ ቤቱን ዘግተን ከተማ ካለው አጥቢያ ጋር እንቀላቀል አለ። ወንጌላዊው በበኩሉ የጾሬዎቹን መልእክት አቀረበ። ጉልበት ስላላቸው ግድግዳውን መልሰው ያቆማሉ። የሚለምኑት አንድ ነገር ነው፤ ከአምልኮው ግማሹ በቋንቋቸው፣ በዝማሬያቸው ይሁንላቸው።

ቀናው ፊቱን አጠቆረ። ቤቱ ተሠርቶ እኛው እንግዳ ልንሆንበት ነው ወይ፣ ሲል ጠየቀ። አረጋሽም ደገፈችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስጠናችው ዝማሬ ለማታውቀው ዜማ ቦታ ሊለቅ መሆኑ አንገብግቧታል። ቢሆንም እንቢታን በሰው አፍ መላክ ነውር ነው ብላ፣ ራሷ ሄዳ ልትነግራቸው ተነሣች። ወንጌላዊውም ኢቲዳል የምትባለውን ሴት እንድትፈልግ ነገራት።

በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በባጃጅ ጾሬ ደረሰች። ሰዎቹ በእንጨት በተወጠረ ሸራ ሥር አምልኮ ጀምረዋል። ከፊት ቆማ የምታዘምረውን ሴት ስታይ አረጋሽ አወቀቻት፤ ሁልጊዜ ሕፃን አዝላ ከኋላ የምትቀመጠዋ ናት። አረጋሽ ዳር ልትይዝ ስትል ከፊት በርጩማ አምጥተው አስቀመጧት።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ከ"ሃሌሉያ" በቀር የገባት ቃል አልነበረም። ሰው ሲነሣ ዘግይታ ትነሣለች፤ ሰው ሲቀመጥ ብቻዋን ቆማ ትቀራለች። ኋላ ከጎኗ ያለች አሮጊት አዘነችላት መሰል፣ በተነሡና በተቀመጡ ቁጥር ጉልበቷን ነካ ታደርጋት ጀመር። ያኔ አረጋሽ አንድ ነገር ትዝ አላትና አፈረች። እነዚህ ሰዎች በእሷ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ዘግይተው ሲነሡ፣ ሥርዓት የላቸውም ብላ ዘወር እያለች ገላምጣቸው ታውቃለች። ጉልበታቸውን ነካ ያደረገ ግን አልነበረም።

አምልኮው ሲያልቅ ኢቲዳል ውሃ በጣሳ ይዛላት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እማማ፣ አንቺ መጣ። የግድግዳው ነገር ነው?"

"አዎ። እንቢ ልላችሁ ነበር የመጣሁት።"

ኢቲዳል አልደነገጠችም። "እኛ ያውቃል። ሰው እንቢ ሲል ዝም ይላል፣ አይመጣም። አንቺ ግን መጣ። ይሄ ክብር ነው።"

"ስምንት ወር ከኋላዬ ስትቀመጪ ስምሽን እንኳ አልጠየቅሁሽም" አለች አረጋሽ።

ኢቲዳል ሕፃኗን ከአንዱ ጉልበቷ ወደ ሌላው አዛወረች። እነሱም ከድንበር ከተማዋ ከኩርሙክ ማዶ ቤተ ክርስቲያን እንደነበራቸው፣ በጦርነቱ እንደተቃጠለ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ ተረከችላት። "እኛ ያንቺን ቤት መውሰድ አይፈልግም" አለች በመጨረሻ። "አብሮ መግባት ነው።"

አረጋሽ እንቢ ሳትላቸው ተመለሰች።

ቀናው ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ። እንቢ ልትይ ሄደሽ ተሸንፈሽ መጣሽ አላት። አረጋሽ አልተቆጣችም።

"ቀናው፣ እኔና አንተ ስናልፍ እዚያ ቤት ውስጥ ማን ይጸልያል?"

"ባልሽ እንዳለ ቢኖር ይሄን አይሰማም ነበር።"

"እንዳለማ ያውቀዋል። እዚህ ስንመጣ ቀርከሃ እንዴት እንደሚቆረጥ ያሳየን የዓብዱልባሲጥ አባት ነው። የእኛን ቋንቋ አያውቅ፣ እኛም የእሱን በርታኛ አናውቅ። በእጁ ነበር የሚያናግረን። ያ ሰው ዝም ብሎ ቢያየን ኖሮ ክረምቱን ሜዳ ላይ ነበር የምናሳልፈው።"

ቀናው ከዘራውን አንሥቶ ሄደ። በሽማግሌዎቹ ስብሰባ ግን ድምፅ ሲሰጥ አልተቃወመም። ነገሩም ጸደቀ።

ሥራው የተጀመረው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ኅዳር ሲጋመስ ነው። ዓብዱልባሲጥ ሙስሊም ቢሆንም ከማሳው ዳር ያለውን ቀርከሃ ፈቀደላቸው። ሦስት ዓመት ያልሞላውን እንዳይነኩ፣ የቆረጡትንም ወንዝ ውስጥ ነክረው እንዲያቆዩት መከራቸው፤ ያለዚያ ምስጥ በዓመቱ ይመለሳል። ከጾሬ አርባ የሚሆኑ ሰዎች መውጫ ወረቀት እየያዙ መጡ። የመንደሩ አሮጊቶች ንፍሮ ቀቀሉ፣ ጭድ ተሸከሙ። አዲሱ ግድግዳ በድንጋይ መሠረት ላይ፣ ከድሮው ሦስት እርምጃ ወደ ውጭ ተገፍቶ ቆመ።

ቀናው በሦስተኛው ቀን ብቅ አለ። ለረጅም ጊዜ ቆሞ ካየ በኋላ፣ ቦዔዝ የሚባል ረጅም የጾሬ ሰው ያሰረውን ማገር በከዘራው ነካ አድርጎ፣ ይሄ አይይዝም አለ። ከዚያም ከዘራውን ጥሎ ተንበረከከና ልጡን ፈትቶ በራሱ መንገድ አሰረው። ቦዔዝ ጎንበስ ብሎ ተመለከተው። የሚቀጥለውን እንደዚያው አድርጎ ሲያስር ቀናው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እስኪመሽም ከዚያ አልተነሣም።

ሁሉም ነገር አማረ ማለት አይደለም። ሁለት ቤተሰቦች ይሄ የእኛ አይደለም ብለው ወደ ከተማው አጥቢያ ሄዱ። በሁለት ቋንቋ የሚሰበከው ስብከት ስለሚረዝም አሮጊቶቹ ወገባቸውን እየያዙ ያጉረመርማሉ። አረጋሽና ኢቲዳል በከበሮ አመታት ተጣልተው አንድ ሳምንት ተኮራርፈዋል። የአረጋሽ ዝማሬዎች ከአራት ወደ ሁለት የወረዱ ዕለት አረጋሽ ቤቷ ገብታ አልቅሳለች። በሳምንቱ ግን ከመንደሩ ወጥተው ከነበሩት ልጆች ሁለቱ፣ ትዕግሥትና ማቲ፣ ከአሶሳ ይሄን አዲስ ዝማሬ እንስማ ብለው መጡ። በቀጣዩ እሑድም ተመልሰው መጡ።

ለትንሣኤ የመዘምራን መሪ ሲመረጥ አረጋሽ እጇን አወጣችና ኢቲዳልን ጠቆመች። ሁሉም ዞሮ አያት። "ድምፄ ደክሟል፤ ጆሮዬ ግን ደኅና ነው" አለችና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

የግንቦት መጀመሪያ ሳምንት ልምምድ ላይ፣ አረጋሽ ዐይኗን ጨፍና አዲሱን የጾሬዎች ዝማሬ እያዜመች ሳለ ከጎኗ ያሉት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። ኢቲዳልም አፏን በእጇ ይዛ ቀረች።

"ምን አልኩ?"

"እማማ፣ 'ጌታ ብርሃኔ ነው' ነው። አንቺ ግን..." ኢቲዳል እንደምንም ሳቋን ዋጠች። "አንቺ በእኛ ቋንቋ 'ጌታ ፍየሌ ነው' ይላል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሦስት እሑድ።"

ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ የነበረው ቀናው ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ፤ ዕንባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። አረጋሽ ገላመጠችው፤ ወዲያው ግን ራሷም መሳቅ ጀመረች።

ሳቁ በረድ ሲል ኢቲዳል ቃሉን ቀስ አድርጋ ከፋፍላ ነገረቻት። አረጋሽ ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ በሦስተኛው ተስተካከለላት። ኢቲዳል ከበሮውን አነገተች።

"ከመጀመሪያው" አለች፤ ሁሉም ተነሡ።