የአስራት ቃል

ባሌ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ኦክላንድ ሳሎኔ ውስጥ፣ የባሌ ጓደኛ ማንደፍሮ ለቀስተኛው ፊት ብድግ ብሎ፣ «አስራት ሆስፒታል ሳለ፣ ጠመንጃዬን አንተ ውሰድ ብሎኛል» አለ። ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «የሟች ቃል ነው፤ ይከበር» አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ፍራሽ ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። ምን ልበል? አፈሩ ሳይደርቅ በዕቃ ተጣላች ልባል? ማንደፍሮ ሲወጣ ጠመንጃውን ከነሣጥኑ ከመኝታ ቤቴ አውጥቶ ወደ ሳን ሆዜ ይዞት ሄደ። በሳምንቱም ጠመንጃ ሱቅ ድረስ ወስዶ የባለቤትነት ዝውውሩን ወረቀት በእጄ አስፈረመኝ።

መዋሸቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አስራት የመጨረሻዎቹን ሃያ ቀናት ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ አንዲት ቃል አልወጣችውም። የሚፈልገውን በእስክሪብቶ ነበር የሚጽፍልኝ። ውሃ። ትራስ። አሙ፣ ነርሷን ጥሪያት። ከዚያ አያልፍም። ታዲያ ለማንደፍሮ በየትኛው አፉ ነው የነገረው?

ጠመንጃ ስላችሁ ሰው የሚገደልበት እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 1937 የተሠራ፣ ሃያ ሁለት ካሊበር ዊንቸስተር ነው፤ ጥይቱ ከጣት ጫፍ አይበልጥም። ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ያሉት ኮረብታዎች ውስጥ፣ በወር አንዴ፣ እንደዚህ ያሉ አሮጌ የኢላማ ጠመንጃዎች ብቻ የሚወዳደሩበት ክለብ አለ። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጠመንጃውን አሸዋ የሞላ ከረጢት ላይ ያስተኛሉ። ሃምሳ ያርድ ርቀት ላይ ያለው ወረቀት ሃያ አምስት ትንንሽ ክቦች አሉት፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጥይት፣ ለሁሉም ሃያ ደቂቃ። በአንድ ውድድር ሁለት ወረቀት ይተኮሳል። ሳይሳሳት የጨረሰ ሁለት መቶ ሃምሳ ያገኛል። ማንም አይጮህም። ሥራው በሙሉ ሜዳው ላይ የተተከሉትን ትንንሽ ባንዲራዎች እያዩ ነፋሱን ማንበብ ነው።

ነፋሱን የማነበው እኔ ነበርኩ። አስራት ዓይኑን ከቴሌስኮፑ አይነቅልም፤ እኔ ከኋላው ቁጭ ብዬ «ጠብቅ»፣ «አሁን» እለዋለሁ። በ1993 ሁለት መቶ አርባ ስድስት አመጣ። የክለቡ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ሪከርዱን የያዘው ሰው ስም በሚጻፍበት ሰሌዳ፣ ስሙ በነጭ ቀለም ሰፈረ። ካስትሮ ቫሊ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ አብረውኝ ለሚሠሩት ሁሉ የሰሌዳውን ፎቶ አሳይቻለሁ። በኋላ እኔንም አስተማረኝ። በ1995 የጸደይ ወራት፣ በልምምድ ቀን፣ ለሪከርድ በማይቆጠርበት ቀን፣ በዚያው ጠመንጃ ሁለት መቶ አርባ ስምንት መታሁ። የክለቡ ጸሐፊ ሽማግሌው ዋልት ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ሳቀ። አስራት በስምንት መቶ ሰማንያ ቁጥር አውራ ጎዳና ኦክላንድ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ደክሞት ነው ብዬ ሬዲዮ ከፈትኩለት። በመጸው ታመመ፤ የገና በዓል ሳይደርስ ሞተ።

በሚያዝያ 1996 ማንደፍሮ በባሌ ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደረ። የኤርፖርት መንገደኛ ማመላለሻ ሻትል ሲነዳ የሚውል፣ ነፋስ የቱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው፣ ሁለት መቶ አርባ አንድ አመጣ። ጠመንጃው ነው የመታለት። እኔ ክለቡ ለጀማሪ የሚያውሰውን ጠመንጃ አጎንብሼ እጎትታለሁ። ያን ቀን ደሜ ፈላ። በሟች ቃል የወሰደብኝን በሟች ቃል ላስመልስ ብዬ ቆረጥኩ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቅኩት።

«ማንዴ፣ አስራት ስለ ጠመንጃው በርሜል ያለህ ነገር የለም?»

«የምን በርሜል?»

«ውድድር ከመግባቱ በፊት ውስጡን እንዴት ክሊን እንደሚያደርገው።»

«እሱን አላወራንም።»

«እንግዲያው እኔ ልንገርህ፤ አደራ ብሎኝ ነበር። ሁልጊዜ ከማች በፊት በነሐስ ብሩሽ፣ በማጽጃው ሶልቬንት፣ ውስጡ መስታወት እስኪመስል ፈግፍገው። ሚስጥሩ ይሄ ነው። ለፈረንጆቹ እንዳትናገር።»

ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። «አስራትዬ» አለ። እኔ ሳቄን ዋጥኩ።

የዚህ ዓይነት ጥይት ሰም አለበት። በተኮሱት ቁጥር ሰሙ የበርሜሉን ውስጥ በስሱ ይለብሳል፤ ጥይቱ አንድ ቀዳዳ ላይ የሚደጋገመው ያ ልባስ ሲኖር ነው። አስራት ለወራት በርሜሉን አይነካውም ነበር። ፈግፍጎ ያራቆተው ሰው ሠላሳ አርባ ጥይት ካልተኮሰ አይመለስለትም። ማንደፍሮ ግን አገር ቤት ወታደር ነበር። የቆሸሸ በርሜል ይዞ የተገኘ ወታደር ፀሐይ ላይ ተንበርክኮ እንደሚውል ያውቃል። እኔም የተማመንኩት በዚህ ነው።

በግንቦት ሁለት መቶ ሃያ አንድ አመጣ። ሲበላሽበት አልጸዳም ማለት ነው ብሎ፣ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ባለው እረፍት ደግሞ ፈገፈገው። ሁለተኛው ባሰ። በሰኔ አዲስ ብሩሽ ገዝቶ መጣ። ዋልት ጠጋ ብሎ፣ «ምን እያደረግህ ነው?» ሲለው፣ ሚስጥር ጠባቂው ማንደፍሮ፣ «ምንም» አለው። ሁለት ጠረጴዛ ራቅ ብዬ የብሩሹን ድምፅ እሰማለሁ። ደስታዬን አልደብቅም፤ እንደዚያ የጣመኝ ድምፅ የለም። በሐምሌ ሁለት መቶ እንኳ አልሞላም። ሰው በጓደኛው ዕቃ ተዋረደ እያለ ሲያንሾካሹክ፣ እኔ ዘንድ መጥቶ ተቀመጠ።

«በርሜሉ ሞቷል፣ አመለወርቅ።»

«ምን ይደረግ፣ ስድሳ ዓመቱ ነው። ለእኔ ስጠኝ፤ ማስታወሻ ይሆነኛል።»

ጆሮውን አሻሸ።

«ከእንግዲህ አይተኩስም አይደል?» አለኝ።

«አይተኩስም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አስራት ይሙት» አልኩት። የሞተ ሰው ስም ጠርቼ መማሌ ራሴንም አሳቀኝ። በሁለተኛው ሳምንት ያው ጠመንጃ ሱቅ ሄደን እሱ ፈረመልኝ።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ በሥራ ቀን፣ ማንም በሌለበት ወደ ክለቡ ሜዳ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች እንዳሻቸው ተበተኑ። ሃያ አምስተኛው ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ከአርባኛው በኋላ አምስት ተኩሼ አንድ ቀዳዳ ብቻ አየሁ። ሰደፉን ጉንጬ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

በጥቅምቱ ውድድር ጠመንጃውን ይዤ ቀረብኩ። የመጀመሪያው ወረቀቴ ሁለት መቶ አርባ ሦስት ሆነ። እረፍት ላይ ማንደፍሮ መጣ። ወረቀቱን አየ፤ ጠመንጃውን አየ፤ ከዚያ እኔን።

«ይሄ በርሜል አልሞተም።»

«አልሞተም።»

«ብሩሹ...» አለና አቋረጠ። ገባው። ፊቱ ጠቆረ። «የሞተ ሰው አፍ ውስጥ ቃል ትጨምሪያለሽ?»

የጠበቅኩት ይህንን ነበር። አሥር ወር በሆዴ ያብሰለሰልኩትን፣ ፈረንጆቹ ቋንቋውን ባይሰሙም ሁሉም ዞረው እንዲያዩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አወጣሁት።

«ከአንተ ነው የተማርኩት። አስራት ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ነበር። መናገር አይችልም ነበር። ቤቴ ቆመህ፣ ጋሽ ታደሰን ምስክር አድርገህ፣ የዋሸኸው አንተ ነህ። ሌባ።»

አልተቆጣም። የኋላ ኪሱን ዳበሰ፤ ዋሌቱን አወጣ። ከመንጃ ፈቃዱ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ቢጫ ወረቀት ነበር።

«ላሳይሽ አልፈለግኩም» አለ። «ለቅሶ ቤት ይሄን ላንብበው? ሰው ፊት እንዳላዋርድሽ ብዬ ነው ብሎኛል ያልኩት።»

የሆስፒታሉ ወረቀት ነው፤ ለእኔ ውሃና ትራስ የሚጽፍበት። ጽሕፈቱ ይንቀጠቀጣል፣ ግን የእሱ ነው። «ማንዴ፣ ጠመንጃዬን አንተ ውሰድ። አሙ እጅ እንዳይገባ። 246ቱ ይቆይልኝ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። እንደሚጽፍ ረስቼው አልነበረም። ለእኔ ውሃና ትራስ ብቻ የጻፈ ሰው፣ ለሌላ ቁም ነገር ይጽፋል ብዬ አላሰብኩም እንጂ። ያ የስምንት መቶ ሰማንያ መንገድ ዝምታ መጣብኝ። ሬዲዮ የከፈትኩለት። ሃያ ቀንና ሃያ ሌሊት እጁን ይዤ ስቀመጥ፣ እሱ የሚያስበው የእኔን ጣት ከቃታው ስለማራቅ ነበር።

«በድዬሃለሁ» አልኩት ማንደፍሮን። «ውሰደው፤ ይኸው።»

«አልወስድም። ቃሉን እስከ ቻልኩ ጠብቄዋለሁ። ከእንግዲህ የእናንተ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» አለና ወደ መኪናው ሄደ። ተከትዬ አልለመንኩትም። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። እስከ ዛሬም ኮል ሳደርግለት አያነሳም።

ዋልት ለሁለተኛው ወረቀት ጠራን። ተቀመጥኩ። በሕይወቴ በማንም ላይ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም፤ ንዴቱም ቀዝቃዛ ነበር፣ ይጠቅማል። ባንዲራዎቹ ወደ ግራ ሲውለበለቡ ጠበቅኩ፣ ሲረግቡ ተኮስኩ። «ጠብቂ» የሚለኝ፣ «አሁን» የሚለኝ ከኋላዬ አልነበረም፤ እኔም አልፈለግኩትም። ሃያ አምስቱን ስጨርስ አራት ደቂቃ ተርፎኝ ነበር።

ዋልት በማጉያ መነጽሩ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። «ሁለት መቶ አርባ ሰባት» አለ። ቀለሙንና ብሩሹን ያዘና ወደ ክለቡ ቤት ሄድን። ሰሌዳው ፊት ቆም ብሎ፣ «ሕጉ አንድ ስም ብቻ ነው» አለኝ፤ «ግን የባልሽ ነውና ላጥፋው አልልም። ያንቺን ከሥሩ ልጻፍልሽ?»

«አጥፋው» አልኩት።

አተኩሮ አየኝ፤ ከዚያ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። አርጅቷል፣ ጉልበቱም አይታመንም። እስኪጨርስ ድረስ መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ።