ሦስተኛው «ተዉኝ»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ በመርከብ ለሽርሽር መሄድ እንደማይፈልጉ ሁለት ጊዜ ተናግረዋል። ሁለቱንም ጊዜ ዋሽተዋል። ውሸቱ የክፋት አልነበረም፤ ባለጌ ያላሳደጋት ሴት ስትጋበዝ የምትለውን ነው ያሉት። በደንብ ያደገ ሰው «እንብላ» ስላሉት ብቻ ዘሎ ከማዕድ አይቀርብም። መጀመሪያ «ጠግቤያለሁ» ይላል። ቀጥሎ «በእውነት አሁን ነው የበላሁት» ይላል። በሦስተኛው «በሞቴ» ሲባል ነው «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ተቀምጦ ከሁሉም አብልጦ የሚበላው። መግደርደር ይሉታል፤ በዚህ ሙያ ወይዘሮ የዓለምዘርፍን የሚስተካከል በዚህ በስደት አገር፣ በአሌክሳንድሪያም ከወንዙ ማዶ በሲልቨር ስፕሪንግም አልተገኘም።

የመጀመሪያው በፋሲካ ሰሞን ነበር። ልጃቸው ትህትና ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውላ «እማዬ፣ ኦገስት ላይ ሁላችንም በክሩዝ ባሃማስ ልንሄድ ነው፣ አንቺም ትመጫለሽ» አለቻቸው። «በዚህ ዕድሜዬ ውኃ ላይ ምን ልሠራ፣ እኔን ተዉኝ» አሉ። ትህትና ለመነች። ሰኔ ላይ ደግማ ስትጠይቃቸው «ጉልበቴን ያመኛል፣ እናንተ ተጫወቱ፣ እኔን ተዉኝ» አሉ። አሁንም ለመነች፤ እንዲያውም ትኬቱን በስማቸው ቆረጠች። ሁሉም ነገር በደንቡ እየሄደ ነበር። የቀረው ሦስተኛው «ተዉኝ» ብቻ ነው፤ ከእሱ በኋላ ሲለመኑ እሺ ሊሉ ቆርጠዋል።

በመሃሉ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። አሌክሳንድሪያ እሳቸው የሚኖሩበት የአረጋውያን ሕንፃ ውስጥ ከአንድ ፎቅ በታች የምትኖር ዓባይነሽ የምትባል ወዳጅ አለቻቸው። ሁለቱ በየማታው ስልክ ላይ ተደፍተው የመርከቡን ቪዲዮ ያያሉ። የትኛው ደረጃ ወዴት እንደሚያወጣ፣ የምግብ አዳራሹ ወንበር ምን ዓይነት ጨርቅ እንደለበሰ ሳይቀር አጥንተውታል። አንድ ቀን አብረው ወጥተው ለወይዘሮ የዓለምዘርፍ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ገዙ። ዓባይነሽ መስተዋት ፊት አቁማ ባርኔጣውን ደፋችላቸውና «የሚኒስትር ሚስት መሰልሽ» ስትላቸው እንደ ኮረዳ ሳቁ።

«እንደው አሁኑኑ እሺ ብትያቸው ምን አለበት?» አለች ዓባይነሽ።

«ገና አንድ ይቀራል» አሉ ኮስተር ብለው፤ ባርኔጣውንም አልጋ ሥር ደበቁት።

ጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አማቻቸው ማቲያስ ሊወስዳቸው መጣ። ዕቃ ሲሰናዳ እንዲያግዙ ነው የተጠሩት። ማቲያስ በጣም ጨዋ ነው፤ አማቱን አሳፍሮ ሲነዳ ሬዲዮ እንኳ አይከፍትም። የመርከቡንም ነገር የእናትና የልጅ ጉዳይ ነው ብሎ ስለሚያስብ አፉን አልከፈተም። ድልድዩ ላይ ትራፊክ ያዛቸውና መኪናው ሲቆም ከታች በወንዙ ላይ አንዲት ነጭ ጀልባ ስታልፍ ታየች። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ልባቸው ዘለለ። ደስታቸው ፊታቸው ላይ እንዳይታይባቸው ቶሎ ብለው ወደ ሌላው መስኮት ዞሩ።

ቤት ሲደርሱ ትህትና የለችም፤ ነርስ ናትና ሆስፒታል ገብታለች፤ የምትመጣው ወደ ማታ ነው። ሳሎኑን የያዘችው የልጅ ልጃቸው ሳምሪ ነበረች። ሳምሪ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ኮሌጅ የገባች ልጅ ናት። አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ አንቱታ የሚባለውንም ከናካቴው አታውቅም። ቤተሰቡን ከፀሐይ መጠበቅ የእሷ ድርሻ ሆኖ ምንጣፉን በሙሉ ሱቅ አስመስላዋለች። የፊት ሰንስክሪን፣ የገላ፣ የከንፈር፣ የሚረጨው፣ ውኃ የማያስለቅቀው፤ መነጽሮች፣ ባርኔጣዎች፣ እጀ ረጅም ሸሚዞች፣ ታጥፋ ቦርሳ የምትገባ ጃንጥላ።

«ለእኔ የሚሆን እንኳ አትያዙ፣ እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግሁት፣ ፀሐይ ታውቀኛለች» አለ ማቲያስ።

ሳምሪ የሚረጨውን አነሳችና ክንዱን ከትከሻ እስከ መዳፍ አነጣችው። «ናው ሺ ዶዝንት» አለች፤ አሁንማ አታውቅህም ማለቷ ነው።

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉና ሥራውን ተያያዙት። የቅባቱ ክዳን እየተከፈተ ልብስ እንዳያበላሽ እያንዳንዱን በፌስታል ጠቀለሉ። «ይሄ ኮፍያ ጆሮን አይሸፍንም» ብለው አንዱን ጣሉ። የሸሚዙን እጀታ ወደ ብርሃን ዘርግተው «ይሄማ ወንፊት ነው፣ ፀሐይ ያሳልፋል» አሉ። ደስታው ወስዷቸው፣ እሳቸው እስካሁን ለመሄድ እሺ ያላሉ ሰው መሆናቸውን ረስተውት ነበር።

ኋላ ሳምሪ አንዲት ትንሽ ነጭ ቱቦ ይዛ አጠገባቸው ተንበረከከች። ዶክተራቸው አዲሱ የደም ግፊት ክኒን ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲጎዳ ያደርጋል፣ ያለ ቅባት ፀሐይ ላይ እንዳይወጡ ብሎ ነበር።

«እማማ፣ ይሄ የአንቺ ነው። ሽታ የለውም፣ ለሴንሲቲቭ ስኪን ነው። ኤቭሪ ቱ አወርስ እኔ እቀባሻለሁ።»

ይኸው፣ ሦስተኛው ግብዣ መጣ። ለትህትና ብለው ያዘጋጁት እምቢታ ከጠዋት ጀምሮ ምላሳቸው ላይ ነበርና ሳያስቡት ወጣ።

«ፍልሰታ አይደለም እንዴ የኔ ልጅ? በጾም ጸጉሬን እንኳ ቅቤ አላስነካ፣ ቅባት ልቀባ? ሳልቀባ ደግሞ ሐኪሙ ፀሐይ አትውጪ ብሎኛል። እንግዲህ እኔን ተዉኝ፣ እናንተ በደስታ ሂዱ።»

እምቢታ ቢባል እንዲህ ነው። ጾም አለበት፣ ሐኪም አለበት፣ ለልጆች ማሰብ አለበት። እውነቱን ለመናገር የቅባቱን ነገር ሰኔ ላይ ቀሲስን ጠይቀዋቸው «ለመድኃኒት እስከሆነ ይቀቡ» ተብለው ነበር፤ ግን ያ አሁን የሚነሳ ነገር አይደለም። አንገታቸውን ደፍተው «በሞቴ» እስኪባሉ ጠበቁ።

«አር ዩ ሹር፣ እማማ?» አለች ሳምሪ።

«ሹር ነኝ» አሉ፤ ሹር ያልሆነ መግደርደር ምን መግደርደር ነው።

ሳምሪ እቅፍ አደረገቻቸው። «ታንክ ዩ ስለነገርሽኝ። ማሚ ሁሌ ፑሽ ታደርግሻለች። እኔ ግን ሪስፔክት አደርገዋለሁ።»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ በዘመናቸው ብዙ ነገር ደርሶባቸዋል፤ እንዲህ ተከብረው ግን አያውቁም። ሳምሪ ግን ጥሩ ነገር የሠራች ስለመሰላት ፊቷ በርቶ ስልኳን አነሳች።

«ትኬቱ ላይ ስም ቼንጅ ማድረግ ይቻላል። ኤሊን ልጠይቃት፣ ፍሬንዴን፤ ስፕሪንግፊልድ ያለችዋን ሐበሻ። አልጋሽ ባዶ ከሚሄድ።»

ጣቷ ከሰው ሐሳብ ይፈጥናል፤ እሳቸው አፋቸውን እስኪከፍቱ መልእክቱ ሄዷል።

አሁን ምን ይባላል? እምቢ ያለ ሰው ሳይለመን እሺ ሲል ታይቶ አይታወቅም። በዙሪያ ጥምጥም ሞከሩት። «እኔ እኮ አንድ ባርኔጣ ነበረኝ፣ ሰፊ፣ አዲስ» አሉ ወደ ሻንጣው እያዩ።

«ሪሊ? ዩ አር ሶ ስዊት፣ እማማ። ለኤሊ ታውሻታለሽ?»

ወደ ማቲያስ ዞሩ። ጨዋ ሰው ነው፣ ይገባዋል ብለው። «እንዲያው የባሃማስ ፀሐይ እንዴት ነው ይላሉ?»

«እሳት ነው አሉ እማማ» አለ ማቲያስ፣ ሊያጽናናቸው ፈልጎ። «እርስዎ እንኳን ቀሩ።»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ አንድ ፌስታል ሦስት ጊዜ አጠፉ። ስልኩ ጢን ባለ ቁጥር ልባቸው አብሮ ጢን ይላል። አንዱ ማስታወቂያ ነበር፤ ሌላው የክፍሏ ልጅ። ሦስተኛው ሲጮህ ሳምሪ አየችና ለንቦጯን ጣለች።

«የኤሊ እናት ኖ አለች። አናስቸግራችሁም አለች። ኦ ዌል።»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ እፎይ ሊሉ ሲሉ ትንፋሻቸው መንገድ ላይ ቀረ። «አናስቸግራችሁም» ማለት ምን እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ማን አለ። ያቺ ሴት አሁን ስፕሪንግፊልድ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሁለተኛውን ልመና እየጠበቀች ነው። የልጇንም ሻንጣ ከቁም ሳጥን አውርዳው ይሆናል። ሳምሪ ይሄን አታውቅም። ትህትና ግን ታውቃለች።

ትህትና የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች ገባች። እናቷ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ሳምሪ ነገረቻት፤ እማማ እንደማይሄዱ፣ ጾሙን፣ ቅባቱን፣ ኤሊን። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ቀና ብለው ተቀመጡ። በመጨረሻ ወግ የሚያውቅ ሰው መጣ። አንዲት «በሞቴ»፣ አንዲት ብቻ፣ ከዚያ «እንግዲህ ካላችሁ» ብለው ይገላገላሉ።

ትህትና ደረጃው ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች። ቀና አላለችም።

«እሺ» አለች።

አንዱን ጫማ አወለቀች።

«ሁለቴ ለመንኩሽ እማዬ። ከእኛ ጋር መሆን ካልፈለግሽ ጎትቼ አልወስድሽም። እኔ እኮ ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነው።» ድምፅዋ ደከም ብሏል። «ሳምሪ፣ ስልኩን ስጪኝ፤ የኤሊን እናት እኔ ልለምናት።»

ያኔ ነው ወይዘሮ የዓለምዘርፍ የደነገጡት። ለመርከቡ አይደለም። ልጃቸው አምናቸዋለች። በወግ ያደገችው፣ በየሰርጉና በየክርስትናው ስንት ሰው ለምና ያስቀመጠችው ትህትና፣ እናቴ ከእኔ ጋር መሆን አትፈልግም ብላ አምናለች። ከፋሲካ ጀምሮ ይሄንን በሆዷ ይዛ ስትሠራ ከርማለች ማለት ነው።

ትህትና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«እፈልጋለሁ» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ።

ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ መሰላቸው። ትህትና ስልኩን ዝቅ አደረገች። «ምን አልሽ?»

«መሄድ እፈልጋለሁ። ከእናንተ ጋር መሄድ እፈልጋለሁ። ከፋሲካ ጀምሮ እፈልጋለሁ።»

ፊታቸው ጋለ። ለልጆቻቸው ብዙ ነገር ፈልገው ያውቃሉ፤ ትምህርት ቤት ፈልገዋል፣ ቪዛ ፈልገዋል፣ ጤና ፈልገዋል። ለራሳቸው አንድ ነገር እፈልጋለሁ ብለው ሰው ፊት ሲናገሩ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ቀሚሳቸውን ረስተው አደባባይ የወጡ ያህል አፈሩ።

«ዌይት» አለች ሳምሪ፣ መሃላቸው ቆማ። «ታዲያ ለምንድነው ኖ ያልሽኝ?»

«ስለምፈልግ ነዋ» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ።

ትህትና አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ እንዳለ ሳቀች። ሳቋ ከደረጃው ጀምሮ ምንጣፉ ድረስ አወረዳት፤ ባርኔጣዎቹንና ቱቦዎቹን ገፍታ እናቷ ጎን ተዘረፈጠች። እንባዋን በሆስፒታል ልብሷ እጀታ እየጠረገች ስልኩን ለሳምሪ መለሰችላት።

«ጾሙስ?» አለች።

«ቀሲስን ጠይቄያለሁ።»

«መቼ?»

«ሰኔ» አሉ ቀስ ብለው፣ እና ማቲያስ ሳይቀር ጨዋነቱን ትቶ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ።

«ዛት ሜክስ ኖ ሴንስ» አለች ሳምሪ፤ ሰሚ ግን አላገኘችም። ቱቦዋን ከፍታ በጣቷ ትንሽ ነካ አደረገችና ለሙከራ የአያቷን ጉንጭ ቀባችው። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ሰጧት፤ ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይላል።

«ሌላስ እማዬ?» አለች ትህትና፣ ሳቋ ገና ሳያልቅ። «ከጀመርሽ አይቀር፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ይሄን ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው የለም። ለካ አንዱ ሲወጣ ሌላው ከኋላው ተሰልፎ ኖሯል።

«የበላሁበትን ሳህን ሌላ ሰው እንዲያነሳው እፈልጋለሁ።»

«እሺ።»

«ባሕሩ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ መቆም እፈልጋለሁ። ቢያመኝም።»

«እሺ። ሌላስ?»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ልጃቸውን አዩዋት። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ግንባሯ ላይ የሥራ ኮፍያዋ ጠርዝ መስመር ሠርቷል። ሕፃን ሳለች ክንዳቸውን ካልተንተራሰች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ከተዳረች በኋላ እሳቸው እንግዳ ክፍል፣ እሷ ባሏ ጋር፣ በሮቹም ዝግ። ይሄንን እንኳ መግደርደር አያስፈልግም ነበር፤ ጋብዟቸው የሚያውቅ የለምና።

«አንድ ሌሊት ካንቺ ጋር ማደር እፈልጋለሁ» አሉ። «አንድ አልጋ ላይ።»

ትህትና ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች፣ ክንዳቸውንም ጎትታ ከአንገቷ ሥር አስገባችው። ማቲያስ አንድ ክንዱ እንደነጣ ሁለቱን አየት አደረጋቸውና፣ ከሳምሪ ጋር የት እንደሚተኛ ለመነጋገር ወደ ኩሽና ሄደ።