የሃቦኔ ንባብ

«ግራፊክ» አለው ላፕቶፑ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ።

ሌንጂሳ ወደ ታች የሚያወርደውን ቁልፍ እንደገና ተጫነ። «ግራፊክ።» ገጹን አሳለፈው። አሁንም «ግራፊክ»። ፈተናው ከተጀመረ ቆይቷል፤ የክፍል ጓደኞቹ ፎቅ ላይ ሆነው ወረቀታቸውን እያገላበጡ ነው፤ እሱ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንኳ ገና አልሰማም። ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሳምሪ፣ ይሄ ፋይል ፎቶ ነው» አለ።

ሳምሪ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች መርጃ ማእከል አስተባባሪ ናት። እሷም እንደሱ ዓይነ ስውር ናት። ጠረጴዛውን እየዳሰሰች መጣችና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞከረቻቸው። ከዚያ ሳቀች። ሁለት ዓይነ ስውራን አንድ ፎቶ ላይ አፍጥጠው መቀመጣቸው አስቋት ነው፤ ሌንጂሳ ግን የሳቅ ወኔ አልነበረውም። ፎቶን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራም ነበራትና በሱ ሞከሩት። ማሽኑ እንደ ሰካራም ተንተባተበ እንጂ አንዲት የረባ ዓረፍተ ነገር አላወጣም።

መምህሩን ዶክተር ሆርዶፋን ደውለው ጠሯቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ሌንጂሳን በመጀመሪያ ዲግሪውም አስተምረውታል። ጉዳዩን ሲሰሙ ተገረሙ። እሳቸው ፈተና የሚያወጡት በእጃቸው እየጻፉ ነው፤ የሚተይቡላቸው የቢሮው ጸሐፊ ናት። ጸሐፊዋ ደግሞ ዘንድሮ ለፍልሰታ ፈቃድ ወስዳ ሱባኤ ገብታለች። ስለዚህ ለሌሎቹ ያንኑ በእጅ የተጻፈውን አባዝተው ሰጡ፤ ለሌንጂሳ ግን ለብቻው፣ ፊደሉን ደመቅና ከፍ አድርገው እንደገና ጽፈው፣ ስካን አስደርገው በፍላሽ ላኩለት።

«ለአንተ ብዬ እኮ ነው ፊደሉን ያሳደግኩት» አሉ ቅር እያላቸው።

እንግዲህ ለዚህ ምን ይባላል? ለማያይ ሰው ፊደል ቢያድግለት ምን ሊፈይድለት! ሰውየው ግን ሌሊት እንቅልፋቸውን አጥተው የጻፉት ለሱ አስበው መሆኑን ሌንጂሳ ያውቃል። አመሰግናለሁ አላቸው።

ዶክተሩ መላ አላጡም። አንባቢ ይመደብለትና ፈተናውን እየሰማ ይመልስ አሉ፤ ደንቡም ይፈቅዳል። ሳምሪም ቀደም ብላ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ደውላ አንባቢ እንዲልኩላት ጠይቃ ኖሯል። ሌንጂሳ ግን ይህን አልፈለገም።

እሱ ጉደር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ነው። ማስተርሱን በክረምት በክረምት እየተማረ እነሆ የመጨረሻው ትምህርት የመጨረሻ ፈተና ላይ ደርሷል። የዛሬው ካመለጠው ለከርሞ ክረምት መጠበቅ ነው። ታዲያ ይህን ፈተና ብቻውን፣ በማሽን እያዳመጠ እንዲፈተን ይፈቀድለት ዘንድ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቷል። «ሰው አያንብብልኝ» የሚል ማመልከቻ ያስገባ ዓይነ ስውር ሲያዩ አንዳንዶቹ ኩራት መሰላቸው፤ አንዱማ ልቡ አብጧል አለ አሉ። ምክንያቱን ግን ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱም ቢሆን።

ነገሩ የሚጀምረው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ሌንጂሳ በዚሁ ግቢ አንደኛ ዓመት የሥነ ዜጋ ተማሪ ሳለ።

ያን ጊዜ ማእከሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። የምትናገር አንድ ኮምፒዩተር አለች ይባል ነበር፤ የምትናገረው ግን ሲያሻት ነው። ስለዚህ ዓይነ ስውራኑ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካሉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ዓይናማ ጓደኞቻቸው ደግሞ አጠገባቸው ሆነው ያነቡላቸዋል። የአንባቢ ወጉ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ነው፤ ጉሮሮ ይደርቃላ! አንባቢው ሁሉ የየራሱ ስም ነበረው። አንዱ ነጠላ ሰረዝ የማያውቅ «ፈጣኑ» ነው። ሌላው የኢኮኖሚክስ ሃንድአውት ሲያነብ እንኳ ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ «ሰባኪው»። ሃቦኔ ግን ስም አልወጣላትም፤ ሃቦኔ ሃቦኔ ነበረች።

ሃቦኔ የምትማረው ሂሳብ አያያዝ ነው። ሥነ ዜጋ ሆነ ፍልስፍና ጉዳይዋ አልነበረም። ቢሆንም የሌንጂሳን ሃንድአውት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እያነበበች በሞባይሉ ትቀዳለት ነበር። በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ ጸሐፊውን በአማርኛ ትሳደባለች፣ ከዚያ የገባትን በኦሮምኛ ታስረዳዋለች። አምቦ ውሃውን ተጎንጭታ የምታገሳው ሳይቀር ተቀድቷል። ስለ ሕገ መንግሥት ምንነት እያነበበች ድንገት ግሳት ይመጣል፣ «ይቅርታ» ትላለች፣ ትስቃለች፣ ከዚያ ወደ ሕገ መንግሥቱ ትመለሳለች። ሌንጂሳ ያንን ቅጂ ትምህርቱ ካለቀ በኋላም ደጋግሞ ሰምቶታል፤ ሞባይሉን ጊንጪ ገበያ ላይ እስኪሰርቁት ድረስ።

ወዷት ነበር? ወዷት ነበር እንጂ! ሦስት ዓመት ሙሉ ክንድ ለክንድ እየተነካኩ ተቀምጠው፣ ዝናብ ሲመጣ አንድ ጃንጥላ ውስጥ ተኮራምተው፣ እንዴት አይወዳት? ግን አልነገራትም። ሦስተኛ ዓመት ላይ እጮኛ እንዳላት አጫወተችው፤ እሱም እንኳን ደስ ያለሽ ብሏት ነገሩን በሆዱ ያዘው። ያ ጊዜ አሁን ሲያስበው፣ ያ አግዳሚ ወንበርና ያ ጃንጥላ፣ ከዚያ ወዲህ ካገኘው ነገር ሁሉ ይበልጥበታል።

ፈተናም የምታነብለት እሷ ነበረች። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ነገር ልብ አለ። ምርጫዎቹን ስታነብ፣ ትክክለኛው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ሞቅ ይላል። እጅግ ትንሽ ነው፤ ፈታኝ አጠገባቸው ቢቆም አይሰማውም። ለአንድ ድምፅ ብቻ ለሚኖር ጆሮ ግን ግልጽ ነበር። መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለው። አንድ ቀን ድምፅዋን እንቢ ብሎ በራሱ ሐሳብ መረጠ፤ ተሳሳተ። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን መከተል ለመደ። በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ፣ አዳራሹ አጨበጨበለት፣ እናቱ እልል አለች። እሱ ጋዋኑን ለብሶ ቆሞ የሚያስበው ግን ከዚህ ውጤት የቱ የኔ ነው እያለ ነበር። ጉደርና አምቦ በሚኒባስ አንድ ወሬ ሳያልቅ የሚደረስባቸው ናቸው። እሱ ግን ከምረቃው ወዲህ ሃቦኔን አንድ ቀን እንኳ ፈልጎ አልጠየቃትም።

የማእከሉ በር ተንኳኳ። ሰው ገብቶ ጃንጥላ አራገፈ።

«ያ ሌንጂሳ! አካም ጅርታ?» እንዴት ነህ ማለቷ ነው በኦሮምኛ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከሠራተኞቹ ሁሉ መርጦ የላከው ሃቦኔን ነው። ድምፅዋ ትንሽ ወፍሯል እንጂ ራሱ ነው። ተነሥቶ ሳማት። እዚሁ መቀጠርዋን ከሰው ሰምቶ ነበር፤ እንዲህ ከፊቱ ትቆማለች ብሎ ግን አላሰበም።

«ጉደር ተቀምጠህ ይህን ሁሉ ዓመት ጠፋህ?» አለችው። «ጉደር እኮ ባሕር ማዶ አይደለም።»

ሥራ በዛብኝ ምናምን አለ። እሷም የልቡን አወቀች መሰለኝ፣ አላፋጠጠችውም። ባሏ ደህና እንደሆነ፣ ልጃቸው ትምህርት ቤት እንደገባች አወራችለት። ይህን እያለች ወንበር ስባ በስተቀኙ ተቀመጠች፤ ድሮ እንደምትቀመጠው። ዶክተሩ ወረቀቱን ሰጧት። ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሌንጂሳ የያኔው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ መሰለው። ዝም ብሎ ቢያዳምጣት ምን ነበረበት? ፈተናው ያልቃል፣ ዲግሪው ይገኛል፣ በዚያ ላይ ድምፅዋን እስኪጠግብ ይሰማል።

«አታንብቢው ሃቦኔ» አለ። «ላፕቶፑ ላይ ጻፊልኝ፤ እሱ ያነብልኛል።»



«ይሄ እኮ ጊዜ ይፈጃል» አሉ ዶክተሩ።

«ይፍጅ ዶክተር። እርስዎ ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

ዶክተሩ ጥቂት ካመነቱ በኋላ ፈቀዱ፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብለው የባከነውንም ሰዓት ሊተኩለት ቃል ገቡ። እሳቸው በእጅ ይጻፉ እንጂ ኪቦርድ ላይ በአንድ ጣት ለቃሚ ናቸው። ስለዚህ ሃቦኔ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ስባ መተየብ ጀመረች። ስትጽፍ ከንፈሯ እንደሚያነበንብ ሌንጂሳ ያውቃልና ወዲያው ተነሥቶ፣ ዱላውን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ።

የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሁሉቃ ወንዝ ሞልቶ ከሩቅ ያጉረመርማል። ሌንጂሳ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመና እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ አለ በልቡ። ስንት ሌሊት በሕልሙ የሰማውን ድምፅ አሁን እግሩ ድረስ መጥቶለት ዝም በል ይለዋል። ሊመለስና በቃ አንብቢልኝ ሊላት ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ዞረ። ሁለቱንም ጊዜ ያ የምረቃ ጭብጨባ ትዝ አለውና ቆመ። ልጅነቱ፣ ጓደኛው፣ ያ ሁሉ ደግ ጊዜ እዚያ በር ውስጥ ነበር፤ ግን ያ የሚከነክነው ጥያቄም ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

ሃቦኔ ጨረስኩ ብላ ጠራችው። ዶክተሩ የሌሎቹን ወረቀት ሊሰበስቡ ፎቅ ወጥተዋል፤ ሳምሪም ዘዴኛ ናትና ከዚያኛው ጥግ ሆና ብሬል ወረቀቷን መደርደር ያዘች።

«ቅር ያሰኘሁህ ነገር አለ?» አለችው ሃቦኔ ቀስ ብላ። «ንባቤን እንዲህ የጠላኸው ለምንድን ነው?»

ሊዋሽ ፈልጎ ነበር። አፉ ግን እንቢ አለው።

«ፈተና ስታነቢልኝ፣ መልሱ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽ ይለወጥ ነበር። የቱ እንደሆነ ከድምፅሽ እሰማለሁ። ያ ሁሉ ‹ኤ› የኔ ይሁን የአንቺ እስከዛሬ አላውቅም፤ የጠፋሁትም ለዚህ ነው።»

ሃቦኔ ወንበሩ ላይ ስትንቀሳቀስ ተሰማው።

«ማርያምን፣ ሆን ብዬ አይደለም» አለች። «ያንን ሃንድአውት ሦስቴም አራቴም ነው የማነብልህ፤ ሳላውቀው የእኔም ጭንቅላት ውስጥ ገብቷል። ፈተናው ላይ መልሱን ሳየው፣ ይሄንንማ ያውቀዋል እላለሁ በልቤ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ሌላ ነገር የለውም። ደስ ይለኝ ነበር።»

የሌንጂሳ ዓይን እንባ ሞላ። አይ ሰው! ይህን ሁሉ ዓመት መልሷን ሰርቄያለሁ ብሎ የሸሸው ነገር ደስታዋ ኖሯል። ያውቀዋል ብላ ነው የምትደሰተው። በእርግጥ ያውቀው እንደነበር ግን እሷም እሱም ምስክር የላቸውም።

«አሁንስ ደስ ይልሻል?» ሲል ጠየቃት።

«እየጻፍኩት እንኳ ደስ ብሎኛል።»

«እንግዲያው ውጪልኝ» አለ። «እዚህ ከተቀመጥሽ ባታነቢም ትንፋሽሽን እሰማለሁ። ማሽኑን አልሰማውም።»

ትከፋለች ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን እጁን ያዘችና ጨበጠችው፣ «ቶሌ፣ እሺ» አለችው፣ ስትጨርስ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ና፣ ሻይ እንጠጣለን አለችው። ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። ኮቴዋ በረንዳውን አልፎ ዝናቡ ውስጥ እስኪጠፋ ሌንጂሳ አዳመጠ። ዶክተሩ ተመልሰው ከኋላው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሰዓቱ ተጀመረ።

ማዳመጫውን አደረገና ፋይሉን ከፈተ። ማሽኑ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበለት፤ ከዚያ አራቱን ምርጫዎች በተራ፣ በዚያ ደረቅ ድምፁ፣ ምንም ሳይለይ። ማሽኑ በአንዳቸውም ደስ አላለውም። ሌንጂሳ ጥቂት አሰበና ሦስተኛውን መረጠ።