ውሃ አልጠጣም ያለው የሽንት ጨርቅ

በሚሠራበት ሆቴል «ሐሩ» ይሉታል። ስሙ አይደለም፤ ከእጁ የሚወጣው ፎጣ እንደ ሐር ስለሚለሰልስ ያወጡለት ነው። እንፋሎት በማይጠፋበት ምድር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ አለቃው እሱ ነው፤ አንሶላው፣ ፎጣው፣ የጠረጴዛ ልብሱ ሳይቀር እሱ ሳያየው ደረጃ አይወጣም። ምስጢሩንም ማንም ያውቀዋል፤ የልብስ ማለስለሻ ፈሳሽ ነው። ሌላው አጣቢ አንድ ክዳን በሚጨምርበት እሱ ሦስት ይደፋል። ከዚያ ፎጣውን አጥፎ ጉንጩ ላይ ያስጠጋና «ይኸው! በዚህ ተጠቅልሎ የማይተኛ እንግዳ ካለ እኔ አጣቢ አይደለሁም» ይላል። ኩራት ነበረበት። ምን ይደበቃል፣ ብዙ ኩራት ነበረበት።

አንዳንዴ ክፍል የምታጸዳው ልጅ ትወርድና «ጋሼ፣ እንግዳው ፎጣው አያደርቅም ይላል» ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ! «ለስላሳ ነገር አያውቅበትማ! ቤቱ ምን ዓይነት ፎጣ እንዳለው ጠይቂው» ብሎ ወደ ማሽኑ ይዞራል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ቤቱ ውስጥ ግን ለስላሳ ነገር ጠፍቶ ነበር። የመጀመሪያ ልጁ ሚጢጢ፣ ገና ጥርስ እንኳ ያላወጣች፣ ዳይፐር አልስማማት ብሎ መቀመጫዋ ቀልቶ ተላጠ። ሌላ ዓይነት ገዙላት፣ ቅባት ቀቧት፣ ገላልጠው አናፈሷት፤ ትንሽ ሻል ይላትና መልሶ ይብስባታል። ዳይፐሩ በተፈታ ቁጥር የምታለቅሰው ለቅሶ የጎረቤት በር ያስከፍታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አገላብጣ አየቻትና «የብዙ ልጅ ገላ ይቀበለዋል፣ የእሷ ግን እምቢ ብሏል። ለምን የጨርቁን አትሞክሩም? ብቻ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው» አለቻቸው።

ይኼ ሁሉ የሆነው እናትየው ወደ ሥራዋ ልትመለስ ስትሰናዳ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። መሪ ካልጨበጠች የሚያማት ዓይነት ሰው! በወሊድ ፈቃዷ እንኳ ሚጢጢን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ወራጅ አለ? ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለች ታጫውታታለች። ግን እናት ናት። «ገላዋ እየተላጠ ለሰው አስረክቤያት አልሄድም። ይኼ ነገር ካልዳነ ሥራው ይቅርብኝ» አለች። ይቅርብኝ ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

«የጨርቁን እናደርጋለና!» አለ ሐሩ ወዲያው። «እኔ እያለሁ ማጠብ ያሳስብሻል? የሆቴል ሙሉ አንሶላ የማጥብ ሰውዬ የአንዲት ጥርስ የሌላት ልጅ የሽንት ጨርቅ ያቅተኛል? አንቺ አንዲቷንም አትነኪም። ሁሉም የኔ!»

ይኼንን ከጓዳ ሆነው አማቱ ሰሙ። አብረዋቸው የሚኖሩ፣ ብዙ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። የጨርቁን ነገር ይደግፋሉ ብሎ ያላሰበ አልነበረም። እሳቸው ግን እሳት ጎርሰው ወጡ።

«የሽንት ጨርቅ? እዚህ ቤት? እኔ ወጣትነቴን የጨረስኩት በሽንት ጨርቅ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው! ጣቶቼ እስኪሰነጣጠቁ! ዳይፐር የሚባል ነገር መጣ ሲባል እሰይ፣ ተገላገልን ብዬ ነበር፤ አሁን መልሳችሁ ልታመጡብኝ? እኔ አንዲት ጨርቅ አልነካም፣ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ!»

«እማማ፣ እርስዎ ለምን ይነካሉ? እኔ አለሁ እያልኩ እኮ ነው።»

«ይላል! ይኼን ብሎ የፈጸመ ወንድ መቼ አየሁ?» አሉና በሩን ጠረቀሙት።

ሌላም ፈተና ነበረ፤ ሚጢጢ ትውልበታለች የተባለው የሕፃናት ማቆያ ኃላፊ። ነጭ ጋውን የሚለብሱ፣ መነጽራቸው በሰንሰለት ደረታቸው ላይ የሚወዛወዝ፣ ግርማ ሞገሳም ሴትዮ ናቸው። ማቆያቸው ውስጥ ጨርቅ ገብቶ አያውቅም። ሹፌሯ የልጇን ገላ ገልጣ ስታሳያቸው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ግን አልተረቱም።

«ሞግዚቶቼ ቀኑን ሙሉ ፍራሽ ሲያጥቡ አይውሉም» አሉ። «እንግዲህ አርብ አምጧት። ልጆቹ ከተኙ ጀምሮ እስኪነሡ ድረስ ራሴ ጭኔ ላይ እይዛታለሁ። ጭኔ ከረጠበ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ።» ሌላ ቦታ ደግሞ በአካባቢው አልነበረም።

ጨርቁ ተገዛ፤ ወፍራም፣ ነጭ ጥጥ። ሚስትየው ዳር ዳሩን ቀመቀመችው፤ ከላይ የሚደረብ ውሃ የማያሳልፍ ሱሪም አገኙ። ቤት ያለው ማለስለሻ አልቆ ስለነበር ሐሩ ሳይወድ በግዱ በተራ ሳሙና እያጠበ፣ እያለቀለቀ፣ ፀሐይ ላይ እያሰጣ ሰነበተ። ቃሉን ጠበቀ፤ ከሥራ መልስ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ባልዲው ነው። ነገሩም ሠራ! ጨርቁ ያዘ፣ ቅላቱ ከሰመ፣ ሚጢጢ ሲቀይሯት እግሯን እያወራጨች መሳቅ ጀመረች። ሚስትየው የደንብ ልብሷን ከሣጥን አውጥታ ተኮሰች። አማትየው እንኳ «እስቲ እናያለን» ወደማለት ወርደው ነበር።

እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ኩራት ግን መቼ ያስቆማል! ሐሙስ ዕለት ከሥራ ሲመለስ አንድ ትልቅ ጀሪካን ማለስለሻ ተሸክሞ መጣ። «ነገ እኮ ፈተና ነው» አለ። «የኔ ልጅ እዚያ ሴትዮ ጭን ላይ ሻካራ ጨርቅ ለብሳ ልትቀመጥ? ለእንግዳ ሦስት ክዳን ከሆነ ለልጄማ ስድስት ነው!» አጠበው፣ መልሶ ዘፈዘፈው፣ እንደገና አጠበው። ቤቱ የአበባ ሱቅ ሸተተ። እያንዳንዷን ጨርቅ ጉንጩ ላይ እያስጠጋ አጣጠፋት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏችኋል ይኼ ነው።

አርብ ከሰዓት፣ ልጆቹ በተርታ በተኙበት ክፍል፣ ኃላፊዋ ሚጢጢን ተቀበሉ። «እንዴት ደስ የሚል ሽታ ነው!» አሉ ፈገግ ብለው፤ ሐሩ ደረቱን ነፋ። ሚጢጢ ጡጦዋን ግጥም አድርጋ ጠጣች። ትንሽ ቆየችና ዓይኗን ግድግዳ ላይ ተክላ ጭጭ አለች። ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያቺን ዝምታ ያውቃታል። ወዲያው በሱሪው ጠርዝ በኩል፣ በሁለቱም እግሮቿ፣ ሽንቱ እንደ ቧንቧ ወረደ፤ ከነጩ ጋውን ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ጫማ። ጨርቁ አንዲት ጠብታ አልጠጣም።

ኃላፊዋ ልጅቷን ለእናቷ አቀበሉና «ተነጋግረናል» አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

ቤት ሲደርሱ አማትየው የሆነውን ሰምተው እጃቸውን አጨበጨቡ። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች!» ሚስትየው ግን ዳይፐር አወጣች፣ አለበሰቻት፣ የተተኮሰውን የደንብ ልብሷን አጥፋ ወደ ሣጥኑ መለሰች። በነጋታው ሚጢጢ መልሳ ቀላች፤ ለቅሶዋም ተመለሰ። «ሰኞ ደውዬ አልመለስም እላቸዋለሁ» አለች እናትየው፣ ልጇን እያባበለች። ሐሩ መድረሻ አጣ። አስተጣጠፉ ይሆን? ሱሪው ጠቦ ይሆን? ማጠቡን ግን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረም። እሱ አጥቦ? እንዴት ተደርጎ!

በዚያ ስሜት ያንኑ ቅዳሜ ሥራ ገባ። ገና ማሽኑን ከመክፈቱ ከመዋኛው የወጣ አንድ ወፍራም እንግዳ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ በባዶ እግሩ ደረጃውን ወርዶ ከች አለ። ፎጣ በእጁ ይዟል።

«እዚህ አለቃው ማነው? አንተ ነህ? እንግዲህ እየኝ!» አለና ሆዱን በፎጣው ፈተገው። «አየህ? ይኼ ፎጣ አያደርቅም፤ ውሃውን ከሆዴ ወደ ጀርባዬ ነው የሚያዛውረው! ለስላሳ ነው፣ አዎ፣ ለስላሳ ነው! በለስላሳነቱ ምን ልሥራበት? እኔ እኮ እርጥብ ነኝ!»

ሐሩ እንደ ልማዱ ሊመልስለት አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ሰውዬው ሆድ ላይ አረፈ፤ ውሃው አልጠፋም፣ በፎጣው ሥር እየተንሸራተተ ይወርዳል። ልክ እንደ አርቡ። ልክ እንደ ሚጢጢ እግር።

ፎጣውን ከእንግዳው እጅ ነጠቀ። ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና በጣቱ ውሃ ጠብ አደረገበት። ጠብታዋ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብላ ቁጭ አለች። ከመጋዘን ማለስለሻ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ፎጣ አስመጣና ጠብ አደረገበት፤ ጭልጥ! ጠጣት። ማለስለሻው ክሩን እንደ ቅባት ሸፍኖት ኖሯል። ለዓመታት እንግዶቹ ሲጮሁ ኖረዋል፤ እሱ ደግሞ ለዓመታት የሆቴል ሙሉ ፎጣ ቅባት ሲቀባ ኖሯል!

«ጌታዬ» አለው እንግዳውን፣ እጁን በሁለት እጁ ይዞ፣ «እርስዎ ልጄን አዳኑልኝ።» እንግዳው ግራ ገብቶት በአዲሱ ፎጣ እየተጠራረገ ወጣ።

ሐሩ አስፈቅዶ ወደ ቤት በረረ። በትልቁ ድስት ውሃ አፈላ፤ ጨርቆቹን በፈላ ውሃ ደፈቃቸው፣ አሻቸው፣ ጨመቃቸው። አረፋው አላልቅ አለ። ደፋ፣ ቀየረ፣ እንደገና። ሚስትየው እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆመች።

«ጨርቁ አልበደለም፣ እኔ ነኝ» አላት፣ ፊቱ በእንፋሎት ቀልቶ። «ሲሠራ ነበር እኮ! እኔ ነኝ በማለስለሻ ያበላሸሁት። አውቃለሁ ባይ መሆን መጥፎ ነው።»

ሚስትየው እጅጌዋን ልትሰበስብ ስትል «አይሆንም!» አለ። «ሁሉም የኔ ነው ብያለሁ።» እስኪመሽ አለቀለቀ፤ የመጨረሻው ውሃ እንደገባ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

በማግስቱ ጨርቁ ደርቆ ሲገባ አማትየው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ። «አምጣ ወዲህ» ብለው አንዱን ጨርቅ ተቀበሉት። አጣጠፉት፣ ውሃውን ግልብጥ አደረጉበት። ጨርቁ ጠጣው። ሁለተኛ ደገሙ። ጠጣው። ገልብጠው ሥሩን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ደረቅ ነው። ጨርቁን ነክተውታል፤ እሳቸውም ልብ አላሉትም።

ሰኞ ከሰዓት ማቆያው በር ላይ ሦስቱም ቆሙ። አማትየው ለልጃቸው ሰርግ የለበሱትን የወተት መልክ ያለውን የሐር ቀሚስ ለብሰዋል።

«ደግሞ መጣችሁ?» አሉ ኃላፊዋ፣ የዛሬውን ጋውናቸውን በእጃቸው ጠበቅ አድርገው።

«መጣን። እርስዎ አይያዟት» አሉ አማትየው። «እኔ እይዛታለሁ። ይኼን ቀሚስ ያዩታል? ከዚህ የተሻለ ልብስ የለኝም፣ አይኖረኝምም። ከረጠበ በሩን ራሴ ዘግቼላችሁ እሄዳለሁ።»

 ሚጢጢ በአያቷ ጭን፣ የሐር ቀሚሱ ላይ ተቀመጠች፣ ጡጦዋን ጨረሰች። ትንሽ ቆየችና ዓይኗን ግድግዳ ላይ ተክላ ጭጭ አለች። ሹፌሯ የባሏን እጅ ጨምድዳ ያዘች። አማትየው ንቅንቅ አላሉም። ልጆቹ አንቀላፍተው፣ ተነሥተው፣ መጯጯህ ሲጀምሩ ነው ሚጢጢን ከጭናቸው ያነሷት።

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አጠለቁ። ቀሚሱን በዓይናቸው መረመሩ፣ በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ጣታቸውን በሱሪው ጠርዝ አዞሩ። ሱሪውን ሲከፍቱት ጨርቁ ከበድ ብሎ፣ የጠጣውን ሁሉ ይዞ ቁጭ ብሏል።

«ደረቅ ነው» አሉ። ከዚያ ሐሩን ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «የሚያጥበው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እንግዲያው ክዳን ያለው ባልዲ ይዘህ ና። የረጠበውን እዚያ እናኖረዋለን፣ ማታ ትወስዳለህ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ከነገ ጀምሮ ልጄ ነሽ።» ሹፌሯ ማቆያው መሐል፣ በሕፃናቱ ፊት፣ ባሏ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ሚስትየው መሪዋን በጨበጠችበት የመጀመሪያ ጠዋት ሐሩ የከሰዓት ፈረቃ ነበር። ሚጢጢን አድርሶ ተመለሰና በግቢው በር በኩል፣ መንገዱ ላይ የሚያልፍ ሁሉ በሚያይበት ገመድ ላይ፣ ጨርቆቹን ያሰጣ ጀመር። ጎረቤቱ «ሆቴሉ እዚህ ቅርንጫፍ ከፈተ እንዴ?» ብሎ ቀለደበት። «ከፍቷል! እንግዳዋ ግን ጥርስ የላትም» አለው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

አማትየው ወጥተው አጠገቡ ቆሙ። የልብስ መቆንጠጫውን ቅርጫት አነሡና አንድ አንድ እያሉ ያቀብሉት ጀመር።

«እማማ፣ አልነካም ብለው ነበር እኮ።»

«ብዬ ነበር» አሉ። እጃቸውን ቁልቁል አዩት፤ የድሮው ስንጥቅ ዛሬም ምልክቱ አለ። «የጠላሁት ጨርቁን መስሎኝ ነበር፣ ልጄ። ያ ሁሉ ልጅ፣ ያ ሁሉ ባልዲ፣ አባታቸው አንድ ቀን ‹አምጪ ልጭመቅልሽ› ብሎኝ አያውቅም። ጨርቁን አልነበረም የጠላሁት፤ ብቻዬን መሆኔን ነው።»

 ያኔ ከመንገዱ ማዶ አንድ ትልቅ የከተማ አውቶቡስ ታጥፎ ብቅ አለ፤ ጥሩምባውም መንደሩን አናጋው። ሹፌሯ በመስኮት እጇን አውጥታ ታውለበልባለች፤ ተሳፋሪዎቹ ማንን ሰላም እንደምትል ለማየት አንገታቸውን ሰግገዋል። ሐሩ በእጁ የነበረውን እርጥብ የሽንት ጨርቅ ከፍ አድርጎ አውለበለበላት። አማትየውም ከባልዲው ሌላ አነሡና እያንጠባጠበባቸው አውለበለቡ።